ስክሪፕታችሁ የትኛው ሰርቨር ላይ እንዳለ በትክክል እንዲለይ ማድረግ

የአንድ ድረ ገጽ ኮድ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ሦስት ቦታ ይሠራል፦ የሚጽፈው ሰው ላፕቶፕ ላይ፣ መሞከሪያ ሰርቨር ላይ፣ ደንበኛ በሚገባበት ላይቭ ሰርቨር ላይ። ፋይሎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። የዳታቤዙ ፓስወርድ፣ የክፍያ ቁልፉ፣ ኢሜይል መላክ አለመላኩ፣ ኤረር ስክሪን ላይ መውጣት አለመውጣቱ ግን እንደየቦታው ይለያያል። ስለዚህ ስክሪፕቱ ገና ሲነሣ «አሁን የት ነው ያለሁት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊኖረው ይገባል።

መልሱ ሲሳሳት ጉዳቱ ከባድ ነው። ላፕቶፕ ላይ ለሙከራ የተሰጠ የማጥፊያ ትእዛዝ የእውነተኛ ደንበኞችን ሠንጠረዥ ይጠርጋል። «ሙከራ 1 2 3» የሚል ኤስኤምኤስ ለደንበኛ ሁሉ ይደርሳል። እንደ ቻፓ ያሉ የክፍያ መተላለፊያዎች የሙከራ ቁልፍና የእውነተኛ ቁልፍ ለየብቻ ይሰጣሉ፤ ላይቭ ድረ ገጹ የሙከራውን ቁልፍ ይዞ ከዋለ ትእዛዙ «ተከፍሏል» ተብሎ ይመዘገባል፣ ብሩ ግን የለም።

ምሳሌዎቻችን በፒኤችፒ ናቸው፤ ሐሳቡ ግን ለፓይተንም ለኖድም ያው ነው። የተለዋዋጮቹንና የፈንክሽኖቹን ስም እዚህ በድምፃቸው ጽፈናል። ኮድ ውስጥ በላቲን ፊደል ይገባሉ፤ እንደ ሰርቨር_ኔም ያሉት ሁሉም በትልቅ ፊደል፣ በቃላቱ መካከል አንደርስኮር ያለባቸው ናቸው፣ የሚገኙትም «ሰርቨር» በሚባለው የፒኤችፒ ግሎባል ድርድር (አሬይ) ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ጥያቄውን ለዩት

«የትኛው ሰርቨር?» የሚለው ጥያቄ በውስጡ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ይዟል፤ ብዙው ስህተት የሚመጣውም የአንዱን መልስ ለሌላው ከመጠቀም ነው።

አንደኛው የሥራ አካባቢው ነው፦ ሎካል (ላፕቶፕ) ነው፣ ስቴጂንግ (መሞከሪያ) ነው ወይስ ፕሮዳክሽን (ላይቭ)? የዳታቤዝና የቁልፍ ምርጫ የሚወሰነው በዚህ ነው። ሁለተኛው ማሽኑ ነው፦ ከአንድ በላይ ሰርቨር አንድ ድረ ገጽ ሲያገለግሉ ይህን ገጽ የሠራው የትኛው ነው? ይህ የሚያስፈልገው ችግር ስትፈልጉ ነው። ሦስተኛው የዌብ ሰርቨር ሶፍትዌሩ ነው፦ አፓቼ ነው፣ ኤንጂንኤክስ ነው ወይስ ላይትስፒድ? ይህ በጣም አልፎ አልፎ ብቻ ይጠቅማል። አብዛኛው ሰው የሚፈልገው የመጀመሪያውን ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን።

በዶሜይን ስም መለየት፣ የተለመደው መንገድና ጉድለቱ

በየቦታው የሚታየው ኮድ ኤችቲቲፒ_ሆስትን አንብቦ «ሎካልሆስት ከሆነ የላፕቶፑን ዳታቤዝ፣ ካልሆነ የላይቩን ተጠቀም» ይላል። አጭር ነው፣ ይሠራልም። ግን ይህ እሴት ከየት እንደሚመጣ አስተውሉ። ብሮውዘሩ ጥያቄ ሲልክ «ሆስት» የሚል ሄደር አብሮ ይልካል፤ ኤችቲቲፒ_ሆስት ያ ሄደር እንዳለ የተገለበጠ ነው። የጻፈው ጎብኚው ነው። ከርል የሚባለውን ትእዛዝ የሚያውቅ ማንም ሰው ላይቭ ሰርቨራችሁን እየጠራ ሄደሩ ላይ «ሎካልሆስት» ብሎ መጻፍ ይችላል። ያኔ ስክሪፕታችሁ ላፕቶፕ ላይ ያለ መስሎት የኤረር ዝርዝሩን፣ ከነፋይል አድራሻውና ከነዳታቤዝ ስሙ ይዘረግፍለታል።

ለመያዝ የሚቀል ደንብ አለ። ስማቸው በ«ኤችቲቲፒ» እና በአንደርስኮር የሚጀምሩ ተለዋዋጮች ሁሉ ከጎብኚው ሄደር የመጡ ናቸው። በ2004 የወጣው የሲጂአይ (ዌብ ሰርቨር ጥያቄን ለስክሪፕት የሚያስተላልፍበት ደንብ) መግለጫም የሚለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ በእነሱ ላይ የደኅንነት ውሳኔ አይመሠረትም። እናንተም የራሳችሁን ተለዋዋጭ ስትሰይሙ በዚህ ቅጥያ አትጀምሩ።

«እንግዲያውስ ሰርቨር_ኔምን እንጠቀም» የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል። ስሙ የሚያሳምን ነው፣ ሰርቨሩ ራሱ የሰጠው ይመስላል። አፓቼ ላይ ግን ዩዝካኖኒካልኔም የሚባለው መመሪያ ሳይነካ ሲተው «ኦፍ» ነው፤ ኦፍ ሲሆን ደግሞ ሰርቨር_ኔም የሚሞላው ከዚያው ከጎብኚው የሆስት ሄደር ነው። እንዲታመን ከፈለጋችሁ በቨርቹዋል ሆስቱ (የአፓቼ ኮንፊግ ውስጥ ለአንድ ድረ ገጽ በተመደበው ክፍል) ውስጥ ሰርቨርኔም የሚለውን መመሪያ በትክክለኛው ዶሜይን ሙሉ፣ ዩዝካኖኒካልኔምን «ኦን» አድርጉ፣ ከዚያ አፓቼን ሪሎድ አድርጉ።

ኤንጂንኤክስ ላይ ነገሩ ይለያል። ከእሱ ጋር የሚመጣው የፋስትሲጂአይ መለኪያ ፋይል (ለፒኤችፒ የሚተላለፉት እሴቶች የተዘረዘሩበት) ሰርቨር_ኔምን የሚሞላው ኮንፊጉ ውስጥ ከተዘረዘሩት ስሞች በመጀመሪያው ነው፤ ጎብኚው ሊለውጠው አይችልም። ነገር ግን ኮንፊጉ ውስጥ በዶሜይን ፈንታ አንድ አንደርስኮር ብቻ ተጽፎ ከሆነ ስክሪፕታችሁ የሚያገኘውም ያችኑ አንደርስኮር ነው። አንድ ሰርቨር ብሎክ (የኮንፊጉ የአንድ ድረ ገጽ ክፍል) አምስት ዶሜይን ይዞ ከሆነም ሁልጊዜ የሚታየው የመጀመሪያው ነው። ሎካል ላይ በአፓቼ ሠርቶ ላይቩን በኤንጂንኤክስ የሚያካሂድ ሰው «ላፕቶፔ ላይ ይሠራ ነበር» የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሣ ነው።

በዶሜይን መለየት ግድ ከሆነባችሁ ቢያንስ እነዚህን ጠብቁ። እሴቱን ወደ ትንሽ ፊደል ቀይሩ፤ የዶሜይን ስም ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፣ የእናንተ ማወዳደሪያ ግን ይለያል። ከኋላው ባለ ሁለት ነጥብና የፖርት ቁጥር ካለ ቁረጡት፤ 8080 ላይ የሚሠራ ሎካል ሰርቨር «ሎካልሆስት» ብቻ ሳይሆን ፖርቱንም ጨምሮ ነው የሚሰጣችሁ። መጨረሻው ላይ ነጥብ ካለ አስወግዱ፤ በነጥብ የሚያልቅ ዶሜይን ትክክለኛ አድራሻ ነው። ከዚያ ከሙሉ ስሞች ዝርዝር ጋር በጥብቅ እኩልነት አወዳድሩ።

በቁራጭ ቃል መፈለግ ግን ይቅር። «ዶሜይኑ ውስጥ ቴስት ካለ መሞከሪያ ነው» የሚል ኮድ «ኮንቴስት» የሚል ዶሜይን ያለውን ደንበኛ ላይቭ ድረ ገጽ መሞከሪያ ያደርገዋል። ኤስቲአርፖስ የሚባለው ፈንክሽን ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ቃሉን መጀመሪያው ላይ ሲያገኘው የሚመልሰው 0 ነው፤ 0 ደግሞ በተራ «ኢፍ» ሲታይ «የለም» ማለት ነው። «ሎካልሆስት»ን በዚህ መንገድ የፈለገ ሰው ቃሉ እያለ የለም ይባላል። ፒኤችፒ 8 ያመጣው ኤስቲአር_ኮንቴይንስ እውነት ወይም ሐሰት ብቻ ስለሚመልስ ይህን ያስቀራል፤ የ«ኮንቴስት»ን ችግር ግን አያስቀርም።

ላፕቶፕ ላይ የሚሰጠው ስምም ይታሰብበት። በሆስትስ ፋይል (ማሽኑ ላይ የዶሜይን ስምን ከአይፒ ጋር በሚያያይዘው) ውስጥ «ሱቅ ነጥብ ዴቭ» ብለው የሚሰይሙ አሉ። «ዴቭ» በጉግል የተያዘ እውነተኛ የዶሜይን መጨረሻ ነው፤ ብሮውዘሮችም በኤችቲቲፒኤስ ካልሆነ አይከፍቱትም። ለዚህ ሥራ ከ1999 ጀምሮ በይፋ የተጠበቀው መጨረሻ «ነጥብ ቴስት» ነው። ማንም ሊገዛው ስለማይችል ላፕቶፕ ላይ እሱን ተጠቀሙ።

በአይፒ መለየት

ሰርቨር_አድር ጥያቄውን የተቀበለውን የሰርቨር አይፒ ይሰጣል። ጎብኚው አይጽፈውም፤ ያ ጥሩ ጎኑ ነው። ሆኖም ላይቭ ሰርቨሩ «ናት» ከሚባለው፣ የውስጥ አድራሻን ወደ ውጭ አድራሻ ከሚቀይረው አሠራር ጀርባ ከሆነ የምታዩት በ10 ወይም በ192.168 የሚጀምር የውስጥ አድራሻ ነው። ዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል ለብቻው በተከለለ ቦታ የሚያስኬድ መሣሪያ) ውስጥ ከሆነ ብዙ ጊዜ በ172.17 የሚጀምር ይሆናል፤ ኮንቴይነሩ እንደገና ሲነሣም ሊለወጥ ይችላል። በአይፒ ስድስት የመጣ ጥያቄ ሎካል ላይ 127.0.0.1 (ማሽኑ ራሱን የሚጠራበት አድራሻ) ሳይሆን ::1 ይሰጣችኋል። የማይክሮሶፍቱ አይአይኤስ ላይ ደግሞ ከሰርቨር_አድር ይልቅ ሎካል_አድር የሚለውን መፈለግ ሊኖርባችሁ ይችላል። ሆስቲንግ የቀየራችሁ ቀንም ኮዱ ይሰበራል።

ከዚህ የከፋ አንድ ነገር አለ፣ በሚገባ ልብ በሉት። ሪሞት_አድር የጎብኚው አይፒ ነው። «ጎብኚው ከ127.0.0.1 ከመጣ ሎካል ላይ ነን፣ ዲበግ (የስህተት ፍለጋ ማሳያ) ይከፈት» የሚለው ኮድ ላፕቶፕ ላይ ያለ እንከን ይሠራል። ላይቩ ላይ ግን ኤንጂንኤክስ ከፊት ፕሮክሲ (ጥያቄን ተቀብሎ ወደ ኋላው ሰርቨር የሚያስተላልፍ) ሆኖ አፓቼ እዚያው ማሽን ላይ ከኋላ ከቆመ፣ አፓቼ የሚያየው ጎብኚ ሁሉ ከ127.0.0.1 የመጣ ነው፤ የፊተኛው ፕሮክሲ የሚያናግረው ከዚያ አድራሻ ነውና። በዚህ ጊዜ የዲበግ ገጹ ለዓለም ሁሉ ክፍት ይሆናል። ኮዱ ለዓመት በደኅና ቆይቶ አንድ ቀን ሲስተም አድሚኑ ፍጥነት ለመጨመር ፕሮክሲ ከፊት ሲያስቀምጥ በድንገት የሚፈጠር ነገር በመሆኑ ማንም ቀድሞ አይጠረጥረውም።

በኦፐሬቲንግ ሲስተም መለየትም ያው ነው። «ዊንዶውስ ከሆነ ላፕቶፕ ነው» የሚለው ግምት ሊኑክስ የሚጠቀም የሥራ ባልደረባ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነው የሚያገለግለው።

የሚሠራው መንገድ፦ ማሽኑ ራሱ ይንገረው

ስክሪፕቱ ከምልክት እየገመተ ማንነቱን ከሚፈልግ፣ ሰርቨሩን ያቆመው ሰው አንድ ጊዜ በግልጽ ይጻፍለት። አፕ_ኢንቭ የሚባል አንድ የአካባቢ ተለዋዋጭ (ፕሮግራሙ ሲነሣ ከማሽኑ የሚያገኘው እሴት) ይበቃል፤ እሴቱም ከሦስት አንዱ ነው፦ ሎካል፣ ስቴጂንግ፣ ፕሮዳክሽን። ኮዱ ጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ) ውስጥ አለ፣ ይህ እሴት ግን ጊት ውስጥ አይገባም፤ የማሽኑ ንብረት ነው። የሚጻፍበት ቦታ እንደ ሰርቨሩ ይለያያል።

አፓቼ ከሆነ በቨርቹዋል ሆስቱ ውስጥ ሴትኢንቭ ብላችሁ የተለዋዋጩን ስም፣ ከጎኑ እሴቱን ጻፉና ሪሎድ አድርጉ። በኤችቲአክሰስ ፋይልም (በድረ ገጹ ፎልደር ውስጥ በሚቀመጠው የአፓቼ ቅንብር) ይቻላል፤ ለፎልደሩ አላውኦቨርራይድ ላይ ፋይልኢንፎ መፈቀድ አለበት። ችግሩ ኤችቲአክሰስ ከኮዱ ጋር አብሮ ስለሚገለበጥ የላፕቶፑ እሴት ወደ ላይቭ ሊሄድ መቻሉ ነው፤ ስለዚህ ቨርቹዋል ሆስቱን ምረጡ። አድራሻ የሚያዞር ሕግ ካለ አንዳንዴ ተለዋዋጩ «ሪዳይሬክት_» የሚል ቅጥያ ከፊቱ ተጨምሮበት ይመጣል። እሴቱ ጠፋ ካላችሁ ሙሉውን የሰርቨር ድርድር አትማችሁ በዚያ ስም ፈልጉት።

ኤንጂንኤክስ ከሆነ ፒኤችፒን የሚጠራው ሎኬሽን ብሎክ ውስጥ፣ የመለኪያ ፋይሉን ከሚያስገባው የኢንክሉድ መስመር በታች፣ ፋስትሲጂአይ_ፓራም ብላችሁ ስሙንና እሴቱን ጻፉ። እላይ፣ በሰርቨር ደረጃ አትጻፉት። የታችኛው ብሎክ የራሱ አንድም እንኳ ፋስትሲጂአይ_ፓራም ካለው ከላይ ያሉትን ጨርሶ አይወርስም፤ ኢንክሉዱ ደግሞ በርካታ ያስገባል። ኮንፊጉ ኤረር አይሰጥም፣ እሴቱ ግን አይደርስም።

ፒኤችፒ ኤፍፒኤም (ፒኤችፒን ለብቻው የሚያስኬድ አገልግሎት) ላይ የፑል፣ ማለትም የሠራተኛ ፕሮሰሶች ቡድን፣ ፋይሉ ውስጥ መጻፍ ሌላው አማራጭ ነው። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ኢቲሲ ስር፣ ፒኤችፒ በሚለው ፎልደር፣ በስሪት ቁጥሩ ውስጥ፣ ኤፍፒኤም ከዚያም ፑል.ዲ በሚለው ስር ታገኙታላችሁ። «ኢንቭ» ብላችሁ በካሬ ቅንፍ የተለዋዋጩን ስም፣ ከዚያ የእኩል ምልክትና እሴቱን አስከትሉ። እዚህ ብዙ ሰው የሚሰናከለው ተለዋዋጩን በሲስተሙ ላይ ኤክስፖርት አድርጎ ኤፍፒኤም ያየዋል ብሎ ሲጠብቅ ነው። ክሊር_ኢንቭ የሚባለው ቅንብር ሳይነካ ሲተው «የስ» ስለሆነ ኤፍፒኤም ሠራተኞቹን የሚያስነሣው ከሲስተሙ የመጣውን ሁሉ ጠርጎ ነው። ክሊር_ኢንቭን ከማጥፋት ይልቅ የሚያስፈልገውን አንድ መስመር በፑሉ መጻፍ ይሻላል፤ አለዚያ የማያስፈልጉ ምስጢሮችም አብረው ይገባሉ።

ሲፓነል (የሆስቲንግ ማስተዳደሪያ ገጽ) ባለው የጋራ ሆስቲንግ ላይ እነዚህን ፋይሎች መንካት አይቻልም። እዚያ ከፐብሊክ_ኤችቲኤምኤል ፎልደር አንድ ደረጃ በላይ አንዲት ትንሽ የፒኤችፒ ፋይል አስቀምጡ፤ ሥራዋ እሴቷን ሪተርን ማድረግ ብቻ ነው። ስክሪፕቱ ኢንክሉድ ያደርጋታል። ከላይ መቀመጧ ዋና ነገር ነው፤ በብሮውዘር አድራሻ ማንም ሊደርስባት አይችልም። ፒኤችፒ በእናንተ አካውንት ስም የሚሠራ ከሆነ ፈቃዷን 600፣ በሌላ ተጠቃሚ ስም የሚሠራና ያ ተጠቃሚ በግሩፑ ውስጥ ያለ ከሆነ 640 አድርጉ። ፋይሏ እያለች «አልተገኘችም» ከተባላችሁ ኦፕን_ቤዝዲር የሚባለውን ገደብ ተመልከቱ፤ ከድረ ገጹ ፎልደር ውጭ ማንበብን ዘግቶ ይሆናል።

ነጥብ ኢንቭ የሚባለውን ጽሑፍ ፋይል የምትጠቀሙ ከሆነ ድረ ገጹ በሚነበብበት ፎልደር ውስጥ በፍጹም አታኑሩት። ጽሑፍ ስለሆነ አድራሻውን የጻፈ ሁሉ ከነፓስወርዱ ያወርደዋል። በኤችቲአክሰስ ዘግቻለሁ ማለትም አያስተማምንም፤ ኤንጂንኤክስ ኤችቲአክሰስን ጨርሶ አያነብም።

የንባቡ ኮድ

እሴቱን በጌትኢንቭ አንብቡ። ኢንቭ በሚባለው ግሎባል ድርድር አትመኩ፤ ከፒኤችፒ ጋር በሚመጡት የኮንፊግ ናሙናዎች ቫሪያብልስ_ኦርደር «ጂፒሲኤስ» ስለሆነ፣ «ኢ» የሚለው ፊደል ስለሌለበት፣ ያ ድርድር ባዶ ነው። ያነበባችሁትን በትሪም ጥረጉት። ዊንዶውስ ላይ የተጻፈ ፋይል በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ምልክት ስለሚጨምር «ፕሮዳክሽን» የሚለው ቃል በዓይን አንድ ሆኖ ሳለ በማወዳደሪያው አንድ አይሆንም፤ ይህን ፍለጋ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ቀጥሎ እሴቱ ከሦስቱ የተፈቀዱ ቃላት አንዱ መሆኑን ኢን_አሬይ በሚባለው ፈንክሽን፣ ሦስተኛውን መለኪያ «ትሩ» አድርጋችሁ አረጋግጡ። ካልሆነስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ኮድ የሚበላሸው። «ካልታወቀ ሎካል ነው» ካላችሁ ተለዋዋጩ የጠፋበት ላይቭ ሰርቨር ኤረሩን ለጎብኚ ያሳያል። «ካልታወቀ ፕሮዳክሽን ነው» ካላችሁ ደግሞ አዲስ የመጣ ባልደረባ ምንም ሳያዘጋጅ ላፕቶፑ ላይ ሲያስነሣው ስክሪፕቱ የላይቭ ዳታቤዙን ይፈልጋል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ያልታወቀ ሰርቨር ላይ ስክሪፕቱ ይቁም፦ ምክንያቱን በኤረር_ሎግ ይጻፍ፣ የምላሽ ኮዱን 500 ያድርግ፣ አጭር የይቅርታ ቃል አሳይቶ ይውጣ። ገጹ ለአሥር ደቂቃ ቢዘጋ ይሻላል፤ በተሳሳተ ዳታቤዝ ላይ ከሚሠራ።

ይህ ምርመራ በአንድ ፋይል፣ በአንድ ቦታ ብቻ ይሁን፤ ሁሉም ገጽ ከሁሉ በፊት ያንን ፋይል ይጥራ። ውጤቱን ኮንስታንት አድርጉት። በየገጹ «ሰርቨሩ ላይቭ ከሆነ እንዲህ፣ ካልሆነ እንዲያ» የሚል ኢፍ መበተን ከጊዜ በኋላ የማይፈታ ቋጠሮ ነው። አካባቢው አንዴ ከታወቀ ለዚያ አካባቢ የተጻፈው የኮንፊግ ፋይል ይጫን፤ የተቀረው ኮድ ኮንፊጉን ብቻ ይጠይቅ። «ኢሜይል ይላክ?» የሚለው መልስ ከኮንፊግ ይምጣ እንጂ ኢሜይል ላኪው ፈንክሽን ስለ ሰርቨር ማወቅ የለበትም።

ፕሮዳክሽን ላይ ዲስፕሌይ_ኤረርስ ጠፍቶ ሎግ_ኤረርስ ይብራ፤ ይህንንም በስክሪፕቱ ብቻ ሳይሆን በሰርቨሩ ፒኤችፒ.አይኤንአይ ላይ አድርጉት። ፋይሉ ራሱ የሰዋስው ስህተት ካለበት በውስጡ የተጻፈው ማጥፊያ መስመር ለመሥራት ዕድል አያገኝም።

ለጥፋት አደገኛ የሆኑ ሥራዎች፣ ለምሳሌ ሠንጠረዥ ማጽዳት ወይም በጅምላ መልእክት መላክ፣ ሁለተኛ መቆለፊያ ቢኖራቸው ጥሩ ነው። በየዳታቤዙ አንድ ረድፍ ብቻ ያላት ትንሽ ሠንጠረዥ ፍጠሩ፤ ውስጧ «ፕሮዳክሽን» ወይም «ስቴጂንግ» ይጻፍ። አደገኛው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያ ቃል ከአፕ_ኢንቭ ጋር አንድ መሆኑ ይረጋገጥ። የላይቩን ዳታ ወደ መሞከሪያው የገለበጠ ሰው ምልክቷንም አብሮ ይገለብጣል፤ በዚህም ጅምላ መልእክቱ ይቆማል። ያ ችግር አይደለም። የገባው ዳታ የእውነተኛ ደንበኞች ስልክና ኢሜይል ይዟልና እነሱ እስኪጸዱ መቆሙ ነው የሚፈለገው። ካጸዳችሁ በኋላ ቃሉን በእጃችሁ ቀይሩ።

ክሮንና የትእዛዝ መስመር

ሌሊት በክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት በራሱ በሚያስነሣው) የሚሮጥ ስክሪፕት ብሮውዘር አልጠራውም። ስለዚህ ሰርቨር_ኔም፣ ኤችቲቲፒ_ሆስት፣ ሰርቨር_አድር የሉትም። በዶሜይን የሚለይ ኮድ ቀን በደኅና ውሎ ሌሊት «ካልሆነ» ወደሚለው ቅርንጫፍ የሚወድቀው ለዚህ ነው። በአፓቼ ወይም በኤንጂንኤክስ ኮንፊግ የጻፋችሁት አፕ_ኢንቭም ለክሮን አይደርስም፤ እነሱ በመካከል የሉም። ክሮን የሼላችሁን የመነሻ ፋይልም አያነብም።

መፍትሔው ክሮንታቡ (የክሮን ሥራዎች የተዘረዘሩበት ፋይል) አናት ላይ፣ ከሥራ መስመሮቹ በላይ፣ ስሙን፣ የእኩል ምልክቱንና እሴቱን በአንድ መስመር መጻፍ ነው። ከፐብሊክ ፎልደር በላይ የተቀመጠችውን ፋይል የምትጠቀሙ ከሆነ ለድሩም ለክሮንም ያው ስለሆነች ተጨማሪ ሥራ የለባችሁም፤ ይህ የእሷ ትልቁ ጥቅም ነው። ነገር ግን ፋይሏን ስክሪፕቱ ያለበትን ፎልደር ከሚሰጠው ከዳይሬክተሪ ኮንስታንቱ ተነሥታችሁ ጥሯት እንጂ በአንጻራዊ አድራሻ አይሁን፤ ክሮን የሚነሣበት ፎልደር የእናንተ አይደለም።

ስክሪፕቱ ከድር ይሁን ከትእዛዝ መስመር መጠራቱን ለማወቅ ፒኤችፒ_ሳፒ የሚባለውን ኮንስታንት ጠይቁ። ከትእዛዝ መስመር ሲሆን «ሲኤልአይ»፣ ከፒኤችፒ የራሱ መሞከሪያ ሰርቨር ሲሆን «ሲኤልአይ-ሰርቨር»፣ ከኤፍፒኤም ሲሆን «ኤፍፒኤም-ኤፍሲጂአይ» ይመልሳል። በክሮን የተላከ ኢሜይል ውስጥ የድረ ገጹን ሊንክ መጻፍ ካለባችሁ ዶሜይኑን ከኮንፊግ አምጡ። በድር በኩልም ቢሆን እንደዚያው አድርጉ፤ የፓስወርድ መቀየሪያ ሊንክን ከኤችቲቲፒ_ሆስት የሚሠራ ኮድ አጥቂው በሐሰተኛ ሆስት ሄደር ወደ ራሱ ዶሜይን የሚያመራ ሊንክ፣ በእናንተ ስም፣ ወደ ደንበኛው ኢሜይል እንዲልክ ያስችለዋል።

ማሽኑን መለየት

ሁለት ወይም ሦስት ሰርቨሮች ከሎድ ባላንሰር (ጥያቄን ለሰርቨሮች ከሚያከፋፍለው) ጀርባ ሲቆሙ የሚመጣው ቅሬታ «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» የሚል ነው። ደንበኛው ሎግኢን አድርጎ ሁለተኛው ገጽ ላይ ይወጣል፤ ሴሽኑ በአንዱ ማሽን ዲስክ ላይ ተጽፎ ቀጣዩ ጥያቄ ወደ ሌላው ሄዷል። ወይም አንዱ ማሽን አዲሱን፣ ሌላው አሮጌውን ገጽ ያሳያል፤ ኦፒካሽ (ፒኤችፒ የተዘጋጀ ኮድን ሜሞሪ ላይ የሚይዝበት) የፋይል ጊዜን እንዳይመለከት በተደረገበት ማሽን ላይ ኤፍፒኤም ሪሎድ ካልተደረገ አሮጌው ኮድ ይቀጥላል።

ይህን ለማየት እያንዳንዱ ማሽን በምላሹ ላይ ስሙን ይጻፍ። በፒኤችፒ ጌትሆስትኔም የማሽኑን ስም ይሰጣል፤ ኤክስ-ሰርቭድ-ባይ በሚል ሄደር ላኩት። ሙሉውን የውስጥ ስም ከማውጣት ግን ለየማሽኑ አጭር ቁጥር ብትሰጡ ይመረጣል። ዶከር ውስጥ ጌትሆስትኔም ስም ካልተሰጠው የኮንቴይነሩን መለያ የመጀመሪያ 12 ፊደላት ስለሚመልስ ኮንቴይነሩን ስታስነሡ ስም ስጡት። ሄደሩን በኤንጂንኤክስ አድ_ሄደር የምትጨምሩ ከሆነ መጨረሻው ላይ «ኦልዌይስ» የሚለውን ቃል አትርሱ፤ ያለ እሱ ሄደሩ በ500 ወይም በ404 ምላሽ ላይ አይወጣም፣ እናንተ ግን የምትፈልጉት በትክክል የተበላሸውን ምላሽ ነው።

ከዚያ በከርል ሄደር ብቻ እየጠየቃችሁ አሥር ጊዜ ደጋግሙ። ሁልጊዜ አንድ ስም ብቻ ከመጣ ሎድ ባላንሰሩ አንድን ጎብኚ ከአንድ ማሽን ጋር እያሰረው ይሆናል፤ ወይም ከፊት ያለ ካሽ የቆየ ምላሽ እየሰጠ ነው። «ኤጅ» የሚል ሄደር ከዜሮ በላይ ቁጥር ይዞ ካያችሁ የምታነቡት ስም ገጹን ያኔ የሠራው ማሽን ስም ነው። ኤንጂንኤክስ ራሱ ባላንሰር ከሆነ ደግሞ የሎግ ቅርጹ ላይ አፕስትሪም_አድር የሚለውን ተለዋዋጭ ጨምሩ፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ወደየትኛው እንደሄደ በአንድ ፋይል ታያላችሁ።

ሶፍትዌሩን መለየት

ሰርቨር_ሶፍትዌር «አፓቼ» ወይም «ኤንጂንኤክስ» ይላችኋል፣ አንዳንዴም ከነስሪቱ፤ አፓቼ ላይ ሰርቨርቶክንስ «ፕሮድ» ከተደረገ ስሙ ብቻ ነው የሚወጣው። ከፊት ኤንጂንኤክስ፣ ከኋላ አፓቼ ባለበት ሰርቨር ብሮውዘሩ የሚያየው «ኤንጂንኤክስ» ነው፣ ስክሪፕቱ የሚያየው ግን አፓቼን ነው። ስም ከመጠየቅ ችሎታን መጠየቅ ይሻላል። አንድ ፈንክሽን ሊኖርም ላይኖርም የሚችል ከሆነ ፈንክሽን_ኤግዚስትስ ብላችሁ ፈትሹት። ኤችቲአክሰስ ይሠራል ወይ የሚለውንም በስም አትገምቱ፤ ላይትስፒድ አፓቼ ሳይሆን ኤችቲአክሰስን ያነባል።

ወርድፕረስና ላራቬል

ወርድፕረስ ከ5.5 ስሪት ጀምሮ ይህን ሥራ በራሱ ይዟል። ደብሊውፒ_ኢንቫይሮንመንት_ታይፕ የሚለውን ኮንስታንት በደብሊውፒ-ኮንፊግ ፋይሉ ላይ ሎካል፣ ዴቨሎፕመንት፣ ስቴጂንግ ወይም ፕሮዳክሽን አድርጉት። ምንም ካልተጻፈ ወይም የማያውቀው ቃል ከተጻፈ «ፕሮዳክሽን» ብሎ ስለሚወስደው ላፕቶፕና መሞከሪያ ላይ መጻፉን አትዘንጉ። ላራቬል ላይ አፕ_ኢንቭ ዝግጁ ነው። ላይቩ ላይ ኮንፊግ ካሽ ካደረጋችሁ በኋላ ግን ነጥብ ኢንቭ ፋይሉ አይነበብም፤ ከኮንፊግ ፋይሎች ውጭ «ኢንቭ» ብላችሁ የጠራችሁበት ቦታ ሁሉ በዚያ ፋይል ብቻ ለተጻፈ እሴት ባዶ ይመልሳል። ኮንፊግ ውስጥ አንብቡት፣ ሌላው ኮድ ኮንፊጉን ይጠይቅ።

ከመልቀቃችሁ በፊት

አምስት ሙከራ አድርጉ። ላይቭ ሰርቨሩን በከርል ስትጠሩ ሆስት ሄደሩን «ሎካልሆስት» አድርጋችሁ ላኩ፤ የዲበግ ገጽ መውጣት የለበትም። ኤንጂንኤክስ ላይ ለማይታወቅ ዶሜይን የሚሆን ነባሪ ሰርቨር ብሎክ ሠርታችሁ 444 እንዲመልስ ብታደርጉ ግንኙነቱ ያለ ምላሽ ይዘጋል። ሁለተኛ፣ መሞከሪያው ላይ አፕ_ኢንቭን አጥፍታችሁ ስክሪፕቱ በእርግጥ መቆሙን እዩ። ሦስተኛ፣ የተሳሳተ ፊደል ያለበት እሴት ጻፉና አሁንም መቆሙን አረጋግጡ። አራተኛ፣ የክሮኑን ስክሪፕት ከእጃችሁ ሳይሆን በራሱ በክሮን አስነሡትና የትኛውን አካባቢ እንዳገኘ ሎግ ላይ አንብቡ፤ በእጅ ስታስነሡት የእናንተ ሼል ተለዋዋጭ ስለሚገባ ውጤቱ ያታልላል። አምስተኛ፣ ከላፕቶፕ የላይቩን ዳታቤዝ በላይቩ ፓስወርድ ለመክፈት ሞክሩ፤ ከተከፈተላችሁ የዳታቤዙን ተጠቃሚ ከላይቭ ሰርቨሩ አይፒ ብቻ እንዲገባ ገድቡት። ለምርመራ ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን፣ የሰርቨሩን ቅንብር የሚዘረዝረውን የፒኤችፒኢንፎ ገጽ ከላይቩ ላይ በዚያው ቀን ሰርዙ።